የዓሣ ነባሪው የበኩር ልጅ

«አትንኪው!» አለች ሚየን፣ የጓደኛዋን እጅ ለቀም አድርጋ።

ኦዋን ሳቀች። «ሞቷል እኮ! ምን ያደርገኛል?»

ገና ፀሐይ መውጣቷ ነው። ማዕበሉ አሸዋው ላይ ጥሎት የሄደው ዓሣ ነባሪ ግልገል ነበር፤ ከትንሽ ጀልባ አይበልጥም። በሚየን መንደር ዓሣ ነባሪ «ጌታው» ነው የሚባለው። ጀልባ ሲገለበጥ ሰውን በጀርባው አዝሎ ዳር የሚያደርስ እሱ ነው። ሲሞትም እንደ ሰው ይቀበራል። ሬሳውን መጀመሪያ ያየ ሰው ደግሞ የበኩር ልጁ ይሆናል፤ ራሱ ላይ ነጭ ጨርቅ አስሮ ቀብሩን ይመራል፣ ሐዘኑንም ለዓመታት ይይዛል።

ሚየን ይህን ስትነግራት ኦዋን ዓይኗን አፈጠጠች። ከከተማ ከመጣች ዓመት አልሞላትም፤ ክፍል ውስጥ ግን እሷ የሳቀችበት ሁሉ ይሳቅበታል።

«ታዲያ ልጁ አንቺ ልትሆኚ ነው? ነጭ ጨርቅ አስረሽ ክፍል ስትገቢ ታየኝ! ለዓሣ ሐዘን የተቀመጠች! ኧረ በሳቅ ልሞት ነው!»

ሚየንም አብራት ሳቀች። «ባክሽ የሽማግሌዎች ነገር ነው» አለች። «ነይ እንሂድ። አላየንም።»

ሄዱ። አንዴ ዞር ስትል፣ አንድ ወፍ ሬሳው ላይ ሲያርፍ አየች።

ከሰዓት በኋላ የጌታው መቅደስ ከበሮ ተመታ፤ መንደሩ በሙሉ ወደ ባሕሩ ወረደ። ሚየን ሰዉን እየገፋች ገባች። ሬሳው አጠገብ፣ ነጩን ጨርቅ ራሱ ላይ አስሮ የተንበረከከው አባቷ ነበር። መረብ ሊያሰጣ ወርዶ ነው ያገኘው።

ጠዋት ያብረቀርቅ የነበረው ቆዳ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል። አንዱን ዓይን ወፎች በልተውታል። ሴቶቹ በሩዝ አረቄ እያጠቡት፣ ያንን ጉድጓድ ላለማየት ፊታቸውን ያዞራሉ።

መቅደሱን የሚጠብቁት አባባ ሳው እንደ ደንቡ ጠየቁ። «ካንተ በፊት ያየው የለም?»

«የሰው ኮቴ ነበር፣ አባባ። አይቶት ጥሎት የሄደ አለ።» አለ አባቷ። «አባቴን ከባሕር ያወጣልንን ጌታ፣ ለወፍ! ምን ዓይነት አሳዳጊ የበደለው ነው?»

የሚየን ፊት በአንድ ጊዜ ነደደ። ኦዋን ከኋላ ሸሚዟን ሳብ አደረገቻት።

«ዝም በይ» አለች በሹክሹክታ። «ማን ያውቃል?»

እውነቷን ነው፤ ማንም አያውቅም። ዝም ካለች አባቷ እንደተከበረ ይውላል። ከተናገረች ግን፣ ያ አሳዳጊ ማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ይሰማል።

አባባ ሳው ግንባራቸውን አሸዋው ላይ ደፍተው ስለዚያ ስላልታወቀው ሰው ጌታውን ይቅርታ መለመን ጀመሩ። ሽማግሌው በእሷ ምትክ። ሚየን ይህን መቋቋም አቃታት። ሄዳ ከአባቷ ጎን ተንበረከከች።

«አባዬ፣ ኮቴው የኔ ነው።»

ከበሮው ድምጿን ዋጠው። ደግማ ተናገረችው።

ከበሮው ቆመ። አባቷ ቀና ብሎ አላያትም። ጨርቁን ከራሱ ላይ ቀስ ብሎ ፈታና፣ በእሷ ራስ ላይ አዙሮ አሰረላት፤ ጨክኖ ሳበው። አመማት። ላላ አድርግልኝ ግን አላለችም።

«በይ ተነሺ፣ ልጄ» አሉ አባባ ሳው። «ከፊት ነሽ።»

ተነሳች። ኦዋን ስልኳን አውጥታ እየቀረጸቻት ነበር። ሚየን አየቻት፤ ፊቷን ሳትሸፍን ወደ ፊት ሄደች።