ቀይ አፈሩ ሳይደርቅ

«መሪየም፣ እጅሽ ቆመ እኮ» አለች ዐይሻ፣ እስከ ክርኗ በቀይ አፈር ጭቃ ተለውሳ።

የመሪየም እህት ሠርግ ደርሷል። ነደባውን፣ ማለትም የሳሎኑን መደቦች፣ በቀይ አፈር የሚለቀልቁት ሁለቱ ጓደኛሞች ናቸው። አንድ መደብ ከተጀመረ ሳይቋረጥ ማለቅ አለበት። መሀል ላይ ከደረቀ የተቋረጠበት ቦታ እንደ ጠባሳ ይቀራል። የሐረር ሴት ደግሞ ያንን ጠባሳ ከከተማው ግንብ፣ ከኤረር በር ውጭ ቆማ እንኳ ታየዋለች።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ሙቀቱ ሲበረታ የመሪየም እግሮች አሸዋ የሞላው ጆንያ ይሆናሉ፤ ዓይኗም ይደበዝዛል። ጧት እንደ ግልገል የምትዘለው ልጅ እኩለ ቀን ላይ ሰውነቷ ይከዳታል። ምን እንደሆነ አታውቅም። እስካሁን በወሬ ሸፍናዋለች፤ አንዴ ጅኒ ሲያስጨፍረኝ አደረ፣ አንዴ የድሬዳዋው ባቡር በሕልሜ መጥቶ ረገጠኝ እያለች።

«ዛሬስ? ጅብ አግብቶሽ ነው?»

«አግብቶኝ ነበር፤ ፈታኝ። ማንኮራፋትሽ እንቅልፍ ነሳኝ አለ።»

ዐይሻ ሳቀች። የመሪየም መዳፍ ግን ጭቃው ላይ ተንሸራተተ። ከትልቁ መደብ ገና ግማሹ ነው የተለቀለቀው፤ ጫፉም እየደረቀ መንጣት ጀምሯል።

«አቦ፣ በቃሽ። ስንፍና ለእህትሽ ሠርግ እንኳ አይለቅሽም?»

መሪየም «እባብ አየሁ» ብትል፣ ዐይሻ ከቤት ትሮጣለች፤ መደቡ ይደርቃል፤ ጥፋቱም የእባቡ ይሆናል። ቃሉ ምላሷ ላይ ደረሰ።

«ስንፍና አይደለም» አለች መሪየም ቀስ ብላ። «እግሬ አይሰማኝም። ያ ሁሉ ወሬ ለዚህ ነበር።»

ዐይሻ ቀልዱ እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም።

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

ዐይሻ ገፋ አድርጋት ቦታዋን ያዘች። በእርጥብ እጇ የነጣውን ጫፍ አራሰችና መለቅለቅ ቀጠለች። ቀና ሳትል ጠየቀች፦ «ለምን ደበቅሽኝ?»

«ከእኔ ጋር መሥራት ትተያለሽ ብዬ።»

ዐይሻ የመደቡን ጥግ ለቀለቀች። «የቀሩት መደቦችስ?» አለች።

«ትንሹን ነገ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ሳይሞቅ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ። ትልልቆቹን አልችልም። ለእናቴም ዛሬ እነግራታለሁ።»

«ካመነችሽ ነዋ። የባቡሩን ወሬ እሷም ሰምታለች።»

የግቢው በር ተንቋቋ፤ የእናቷ ድምፅ ተሰማ። መሪየም ሌላ ቀን ቢሆን ግድግዳ ተደግፋም ቢሆን ብድግ ትል ነበር። አሁን ጭቃ የነካ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደተቀመጠች ጠበቀቻት።