የእትዬ ዓይናለም አሥራ ሁለት አምባሮች

እትዬ ዓይናለም እጃቸውን ለሰላምታ ሲዘረጉ ሰው ሁሉ ፊታቸውን ያያል፤ የእህታቸው ልጅ ነጋሽ ግን የሚያየው አንጓቸውን ነበር። ግራ እጃቸው ላይ አሥራ ሁለት አምባር ተደርድሯል። ሃያ ስምንት ዓመት ሻርጃ ላይ የሰው ቤት ሲጠርጉ፣ የሰው ልጅ ሲያሳድጉ የኖሩ ሴት ከዚያ ሁሉ ዘመን ያተረፉት ይሄንኑ ነው ይባላል። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው! እናቱ በሕፃንነቱ ሞታበት እሳቸው በሚልኩት ብር ካደገው ከነጋሽ በቀር ወራሽ ከየት ይመጣል?

ነጋሽ ዱባይ፣ አል ቁዝ ካለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ጫኝ ነው። ወገቡን ይዞ ከሥራ ሲመለስ፣ ስድስት ሆነው ከሚተኙበት ክፍል አልጋው ላይ ጋደም ብሎ የዕለቱን የወርቅ ዋጋ በስልኩ ይመለከታል። «አንዱ ሃያ ግራም ቢሆን፣ አሥራ ሁለቱ ሁለት መቶ አርባ ግራም። ግራሙ በአራት መቶ ድርሃም ሂሳብ... ዘጠና ስድስት ሺህ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ሴትየዋ እኮ አልሞቱም!» ይለዋል ከላይኛው አልጋ ኸይሩ። «ዋላሂ፣ በዓይንህ መዝነህ ጨረስካቸው!»

«ሞቱ አላልኩም። ታመዋል ነው ያልኩት።»

«ከታመሙ ሐኪም ቤት ሂዳ! ወርቅ ቤት ምን አገባህ?»

ይሁን እንጂ ኸይሩ ራሱ ለቤት መሥሪያ ያጠራቀመውን አሥር ሺህ ድርሃም አበድሮታል። የነጋሽ ሚስት ሶስና ደሴ ላይ ያገለገለ አይሱዙ አግኝታ በዚያ ገንዘብ ቀብድ ከፍላለች። ቀሪው በወሩ መጨረሻ ካልገባ ቀብዱ ቀለጠ። ነጋሽ ግን ምን አስጨነቀው? አይሱዙው በአክስቱ አንጓ ላይ ተደርድሮ የለ!

ደግሞ ቂም ነበረበት፤ ስምንት ዓመት ያልሻረ ቂም። ያኔ አል ባርሻ ከሚኖር ዐረብ ቤት ሾፌር ነበር። መንጃ ፈቃዱ ጊዜው ማለፉን ሳያይ ሰው ገጨ፤ ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለ። ለተጎጂው አርባ ሺህ ድርሃም እስኪከፈል ድረስ ታሰረ። አምስት ወር ሙሉ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ይል ነበር። እትዬ ዓይናለም አንድ ቀን እንኳ፣ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልመጡም! አንድ ቀን ድንገት «ተከፍሎልሃል፣ ያላ ውጣ» ተባለ። ሲወጣ አክስቱ ያመጡለት አንድ ካርቶን ቴምርና አንድ ሸሚዝ ነው። ሸሚዙም ጠቦታል። «ዐረቡ ከወገኔ በለጠብኝ፤ እሱ ነው ያስፈታኝ» እያለ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሰው ሰብስቦ ሲያወራ፣ እትዬ ዓይናለም አንገታቸውን ደፍተው «እግዜር ይስጣቸው» ብቻ አሉ። ነጋሽም ለዚያ ዐረብ በየዓመቱ ኢድ ሲደርስ «ውለታዎን አልረሳም» የሚል መልእክት ይልካል። መልስ መጥቶለት አያውቅም።

ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው የእትዬ ዓይናለም ሕመም ጠናና ሆስፒታል ገቡ። ከድሮ ጀምሮ አንድ ቤት አብራቸው የሠራችው፣ አሁንም አልጋ ብቻ በሚከራይበት ክፍል፣ በቢድ ስፔስ፣ አብራቸው የምትኖረው ሲምረት ደውላ ነጋሽን ጠራችው። ሲደርስ ነርሷ ለምርመራ አምባሮቹን ልታወልቅ ስትል አሮጊቷ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ይታገላሉ። ከስተዋል። አምባሮቹ ግን ያለ ሳሙና ሾልከው ወጡ። ነርሷ በላስቲክ ከረጢት አድርጋ ለቅርብ ዘመድ ብላ ለነጋሽ ሰጠችው፤ ፈረመ።

«ነጌ... ለሲምረት ስጣት» አሉ።

«እኔ ሌባ ነኝ እንዴ እትዬ?»

«አይደለህም የኔ አባት። እስከ ነገ ብቻ ቆይልኝ። አንድ የምነግርህ ነገር አለ...»

ስስት! ነፍሳቸው ልትወጣ እያለች እንኳ ስስት! ነጋሽ እንዲህ ነው ያሰበው። ከረጢቱን ኪሱ ከትቶ «መጣሁ» ብሎ ወጣ። አሁን ወጥቶ ከመሄድ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያን ባዶ እጃቸውን ቢይዝ ምን ነበረበት? ምን ይቀርበት ነበር?

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዱባይ፣ ዴይራ ወርቅ ገበያ ገባ። ስልኩ ጮኸ፤ ሲምረት ናት። «አምባራቸውን ሊያስመልሱ ነው» ብሎ ዘጋው። ደግማ ደወለች። ዘጋው። ሦስተኛ ጊዜ ስትደውል ድምፁን አጠፋው። ሕንዳዊው ወርቅ ሠሪ አንዱን አምባር አንሥቶ ጥቁር ድንጋይ ላይ ፈተገው፤ ጠብታ ፈሳሽ አደረገበት። ሌላውን ፈተገ። አሥራ ሁለቱንም ፈተገና በጣቱ ጫፍ ገፋ አደረጋቸው።

«ወርቅ አይደለም። ነሐስ ነው፣ ላዩን የተቀባ። ኸላስ።»

«ሚዛን ላይ አድርገውና እየው እስቲ!»

«ምኑን ልመዝንልህ ወንድሜ?»

ነጋሽ እስከ ሻርጃ በአውቶቡስ ሲመለስ እየተሳደበ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሲያታልሉኝ ኖሩ! የሚላቸውን ሁሉ በሆዱ አሰናድቶ፣ ከረጢቱን ጨብጦ የሆስፒታሉን ክፍል በር በረገደ። አልጋው ባዶ ነው፤ አንሶላው ተገፍፏል። ሲምረት መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«ስደውልልህ... ነጌ ደርሷል ወይ? ነጌ ደርሷል ወይ? እያሉ... ዓይናቸው በሩ ላይ እንዳለ አረፉ።»

ነጋሽ ግን ቁጣው አልበረደምና ከረጢቱን እግሯ ሥር ወረወረው። «ነሐስ ነው! ታውቂያለሽ? ነሐስ!»

ሲምረት አምባሮቹን አንድ በአንድ ለቀመች። «አውቃለሁ። ከሮላ ገበያ አንዱን በአምስት ድርሃም የገዛናቸው እኛ ነን። እውነተኛዎቹማ አንተን አስፈቱህ።»

«ምን?»

«አሥራ ሁለቱን ሸጠን አልበቃም። የጎደለውን ስድስት ሺህ አሠሪያችን ማዳም አበደረቻቸውና፣ የጁምዓ ዕረፍታቸውን አንድ ዓመት ከምናምን እየሠሩ ከፈሉ። ሌላ ቀን አይለቋቸው፤ በምን ቀን ይጠይቁህ? ወንድ ልጅ ነው፣ አንገቱን እንዳይደፋ አትንገሪው አሉኝ። እጄን ባዶ ካየ ይጠይቀኛል፣ ከጠየቀኝ መዋሸት አልችልም ብለው ነው እነዚህን ያደረጉት። ትናንት ሊነግሩህ ቆርጠው ነበር...»

ነጋሽ አምባሮቹን ከሲምረት እጅ ተቀበለ። ማንን ይቅርታ ይጠይቅ? ያ ስምንት ዓመት በየኢዱ ያመሰገነው ዐረብ፣ ስሙንስ ያስታውሰው ይሆን? አምባሮቹን መልሶ ሊያጠልቅላቸው አስከሬን ክፍል ድረስ ሄደ። አትችልም አሉት። ለመነ፤ አለቀሰ። አይፈቀድም አሉት። አስከሬኑን አገር ቤት የሚልክበት ገንዘብ እንኳ አልነበረውምና ከአጅማን፣ ከዱባይ፣ ከሻርጃ ወገን አዋጣለት። አሥር ሺህ ያበደረው ኸይሩ ደግሞ ሁለት መቶ ድርሃም ጨመረ፤ ስለ ብድሩ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ወሩ አለቀ። አይሱዙው ለሌላ ሰው ተሸጠ።

ቀጥሎ በመጣው ኢድ ቀን መጋዘኑ ዝግ ነበር። ነጋሽ አልጋው ላይ ተቀምጦ ስልኩን አወጣ። የዐረቡን ስም አየ፤ አለፈው። ከዚያም ወደ አክስቱ ቁጥር «እትዬ፣ ውለታዎን አልረሳም» ብሎ ጻፈና ላከ።

ትራሱ ሥር፣ ከአምባሮቹ ጋር ያስቀመጠው የእትዬ ዓይናለም ስልክ ጮኸ። አወጣው። ከመልእክቱ በላይ ላኪው ማን ተብሎ እንደተመዘገበ ተጽፏል፦ «ልጄ» ይላል።

የሰው ልጅ ሊወርስ የጓጓለትን አስቀድሞ በልቶት ከሆነ፣ ዕድል ከዚህ ወዲያ ምን ታድርገው? ነጋሽ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ተኛ።