የቀጭኔ እንቁራሪቶች

«እግር! እግር አወጡ!»

በቁመቷ «ቀጭኔ» የሚሏት ልጅ ይህን ስትጮህ የቤተ ሙከራው ተማሪ በሙሉ የእሷንና የጓደኛዋን ጠረጴዛ ከበበ። ከክፍሉ ሁሉ አጭሯ፣ «ጠብታ» የሚሏት ጓደኛዋ፣ የጋራ ብልቃጣቸውን ለማየት በሰው ብብት ሥር መሹለክ ነበረባት። እውነትም ባለፈው ሳምንት ጭራ ብቻ የነበሩት የእንቁራሪት እጮች አሁን እግር አብቅለው ይወራጫሉ። የሌሎቹ ተማሪዎች እጮች ግን ገና ጭራቸውን እየጎተቱ ነው።

«ምን አበላችኋቸው?» አሉ የባዮሎጂ መምህርታቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው።

«ቅቅል ጎመን ብቻ፣ ቲቸር!» አለች ቀጭኔ ፈጠን ብላ።

«እንግዲያው ዓርብ ለወላጆች የምናሳየው የእናንተን ነው።»

ጠብታ በደስታ ዘለለች። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ግን ቀጭኔ ወደ አጥሩ ጥግ ሳበቻት።

«ለማንም እንዳትናገሪ፣ እሺ? የአያቴን፣ የእማማን ኪኒን ፈጭቼ ውኃው ውስጥ ጨምሬበት ነው።»

«የምን ኪኒን?»

«የታይሮይድ ነዋ! አንገታችን ላይ ያለችው እጢ ሆርሞን ወደ ደም ትለቃለች ተብለን የለ? የእማማ እጢ ደክማለች፤ ሆርሞኑን በኪኒን ነው የምታገኘው። እንቁራሪትንም ‹ጭራሽን ጣዪ፣ እግር አውጪ› የሚላት እሱው ነው። እኔ ትእዛዙን ትንሽ አፋጠንኩት!» ሳቋ አልቆም አላት። ከዚያ በወረቀት የተጠቀለለች ነጭ ኪኒን ጠብታ መዳፍ ላይ አኖረች። «ላንቺም ይዤልሻለሁ። እነሱን ካሳደገ አንቺን ማሳደግ ምን ይሳነዋል?»

ጠብታ አልሳቀችም። ስምንተኛ ክፍል ገብታ እንኳ ባለሱቁ «ሚጢጢዬ፣ እናትሽን ላኪያት» ይላታል። ጓደኛዋ ደግሞ በአንድ ክረምት እንደ ቀርከሃ ተመዘዘች። ኪኒኗን ኪሷ ከተተች።

በማግስቱ መምህርቷን ብቻቸውን አገኘቻቸው።

«ቲቸር፣ የታይሮይድ ሆርሞን ሰው ያስረዝማል?»

«ላነሰው ሰው መድኃኒት ነው። ላላነሰው ግን ልብ ያስጋልባል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያከሳል። ቁመትን ብዙ እጢዎች ተጋግዘው ነው የሚያዝዙት። አለቃቸው ከአንጎል ሥር የተንጠለጠለች፣ አተር የምታህል እጢ ናት። ለአንዱ ቀድማ ትደውላለች፣ ለሌላው ዘግይታ። እኔ ራሴ እስከ አሥረኛ ክፍል ከፊት ወንበር አልተነሣሁም!»

አሁን የቤተ ሙከራውን አምፑል ያለ መሰላል የሚቀይሩት እሳቸው ናቸው።

ጠብታ ብልቃጡን ጠጋ ብላ አየችው። እንቁራሪቶቹ እግር እንጂ አካል የላቸውም፤ ምስር ያካክላሉ። አንዱማ መዋኘት አቅቶት በጎኑ ተኝቷል።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ጓደኛሞች ለጥናት እነ ቀጭኔ ቤት ሄዱ። አያትየው በራፉ ላይ፣ በዚያ ጠራራ ፀሐይ፣ ካፖርት ለብሰው ያንቀላፋሉ። ሌላ ጊዜ ቀልዳቸው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር።

«እማማ፣ አሞዎታል እንዴ?» አለች ጠብታ።

«ፀሐይዋም እንደኔ አርጅታለች መሰለኝ፣ አታሞቅም» አሉ ቃላቱን እየጎተቱ። «ኪኒኔም ቀጠሮዬ ሳይደርስ አለቀብኝ። ድሮም ቆጠራ አይሆንልኝም።»

ጠብታ ቀጭኔን አየቻት። ቀጭኔ ጫማዋን ታያለች። የጠብታ ልብ ደረቷን ይደበድብ ጀመር፤ ከኩላሊቶቿ በላይ የተቀመጡት እጢዎች የድንጋጤ ሆርሞን መልቀቅ ጀምረው ነበር። ጓደኛዋን ወደ ጓዳ ጎተተቻት።

«የቀረ አለ?»

«ግማሽ ያህሉ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ጥቂት ቢጎድልባት ምንም አትሆንም ብዬ እኮ ነው…» መሳቢያዋን ከፍታ ኪኒኖቹን አወጣች። «ብነግራት ትቆጣኛለች። ዓርብስ?»

ጠብታ ኪሷ ውስጥ ያለችውን ኪኒን አውጥታ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለቻት። «ነይ» አለች።

ቀጭኔ ሁሉንም ለአያቷ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። አያትየው ካፖርታቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

«እኔን ብርድ አስይዘሽ እንቁራሪት ታሳድጊ?» ጆሮዋን ይዘው ቆነጠጧት። «እናትሽ ስትመጣ ሐኪሜ ጋ ትደውልልኝ፤ ለሷም ራስሽ ትነግሪያታለሽ።» ከዚያ የከንፈራቸው ጥግ ተንቀጠቀጠ። «ለመሆኑ እነሱስ ሞቃቸው?»

ሦስቱም ሳቁ፤ ቀጭኔ እንባዋን እየጠረገች።

«ነገ ለቲቸር ብቻዬን ልንገራቸው?» አለች በስተመጨረሻ። «የኪኒኑ ነገር የኔ ጥፋት ነው።»

«ጎመኑን የቀቀልኩት እኔ ነኝ» አለች ጠብታ። «አብረን እንገባለን።»