ቀጭኑ ሸክላ

«አሁንስ ትሰሚያታለሽ?» አሏት አያቷ፣ ጆሯቸውን ከድምፅ ማጉያው ጋር አጣብቀው።

ሸክላው በኤሌክትሪኩ ማጫወቻ ላይ ይሽከረከራል። የመምህራኑ የመዘምራን ቡድን ዘምሮ ሲያበቃ፣ ከአምስት ዓመት በፊት የሞቱት ሴት አያቷ ብቻቸውን የሚዘፍኑት ክፍል መምጣት ነበረበት። የመጣው ግን አሸዋ በወንፊት ሲነፋ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው።

«አዎ... እሰማታለሁ» አለች ልጅቷ። ፊቷ ጋለ።

«እንግዲያው የእኔ ጆሮ አበቃለት ማለት ነዋ!» አያቷ መርፌውን ቀስ ብለው አነሱት። «አርባ ዓመት የሰው ሬድዮ በጆሮዬ እየመረመርኩ ስጠግን ኖሬ፣ የገዛ ሚስቴን ድምፅ ልጣ?»

ጆሯቸው ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የእሷ ነው።

ቤት ውስጥ ሁለት ማጫወቻ አለ። አንዱ በእጅ የሚጠመዘዝ፣ ትልቅ ጡሩምባ ያለው ያረጀ ግራሞፎን ነው። ሕጉን ገና በስድስት ዓመቷ አስተምረዋታል፦ ወፍራሞቹ የጥንት ሸክላዎች ለባለጡሩምባው፣ ቀጫጭኖቹ ለኤሌክትሪኩ። የባለጡሩምባው መርፌ ብረት፣ ክንዱም ከባድ ስለሆነ ቀጭን ሸክላ ካገኘ ፍቆ ይጨርሰዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ጓደኞቿ መጡ። ረጅሟ ስልኳን ደግና፣ «ኧረ ባለጡሩምባው ላይ አድርጊው! ቪዲዮው ቀውጢ ነው የሚሆነው» አለቻት። «አይቻልም፣ አያቴ ይቆጣሉ» ማለት አሳፈራት። አንድ ጊዜ ምን ያመጣል ብላ ቀጭኑን ሸክላ አስቀምጣ መርፌውን ሴት አያቷ ከሚዘፍኑበት ክፍል ላይ አሳረፈችው። ዘፈኑ ሲያልቅ መርፌው ሥር ጥቁር ብናኝ ተከምሮ አገኘች። በእጅጌዋ ጠረገችው። ከዚያ ወዲህ የሴት አያቷን ድምፅ ፍለጋ ቪዲዮውን ስንቴ አዳመጠችው መሰላችሁ! የሚሰማው ግን የራሷና የጓደኞቿ ሳቅ ብቻ ነው።

አያቷ የማጫወቻውን ገመድ ነቅለው መጠቅለል ጀመሩ።

«ሁለቱንም ማጫወቻ ጥገና ላስተማርኩት የድሮ ተማሪዬ እሰጠዋለሁ። ለደንቆሮ ምን ይሠራሉ?» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ግን ከአፋቸው አላለፈም። «ይሄ ሸክላ የአንቺ ነው። አንቺ እንኳ እየሰማሻት ኑሪ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዝም ብትል፣ የሚስታቸው ድምፅ ሸክላው ውስጥ እንዳለ አምነው ይኖራሉ። ብትናገር ጆሯቸው ደህና መሆኑን ያውቃሉ፤ ድምፁ ግን ላይመለስ መጥፋቱንም ያውቃሉ። «ለእሳቸው ብዬ ነው ዝም የምለው» ልትል ሞከረች። ውሸት ነው። የፈራችው ዓይናቸውን ነው።

አያቷ ሸክላውን ዘረጉላት። አልተቀበለቻቸውም።

«አባባ፣ እስቲ ቁጭ ይበሉ።»

«ምነው ጩጬ?»

«ጆሮዎ ደህና ነው። እኔም አልሰማኋትም።»

አያቷ ሸክላውን ከልባሱ አውጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበሉት፤ በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱት።

«ባለጡሩምባው ላይ ያጫወትኩት እኔ ነኝ» አለች፣ እስኪጠይቋት ሳትጠብቅ።