የሦስት መቶ እጅ እጣቢ

መጋቢት ፳፩ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም.፣ ሰኞ ጧት በአንድ ሰዓት፣ አቃቂ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ በታች በነበረው የሸራ ፋብሪካ በር ላይ የተገኙት እነዚህ ነበሩ፤ የጥበቃው አለቃ ሻምበል ወልደሚካኤል፣ የሴቶች ፈታሿ ዳሲቱ፣ የቀድሞው ሸማኔ ፀሐዩ፣ እንዲሁም ተራርቀው እንዲሰለፉ ታዘው ሳለ እንደ ልማዳቸው ተጠጋግተው የቆሙ ሦስት መቶ የሚያህሉ ሠራተኞች። ወረርሽኙ አገር ውስጥ ገባ ከተባለ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር።

በበሩ አጠገብ፣ እግሩ በሽቦ በታሰረ ወንበር ላይ፣ ሃያ ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። በውስጡ ያለው አልኮል ነው፤ ነገር ግን በዚያ ሰሞን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ትልቁም ትንሹም «መድኃኒት» ይለው ነበር።

«ፀሐዩ» አሉ ሻምበል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «እጅህ ተንቀጠቀጠ ብለው ከማሽን ሲያወርዱህ እኔም አዝኜ ነበር። አሁን ግን የማይከብድ፣ የሚያስከብር ሥራ አግኝቼልሃለሁ። በሰው እጅ ላይ መድኃኒት ማፍሰስ ነው። አገር ማዳን ማለት ነው፤ ገባህ?»

«ገብቶኛል፣ ሻምበል።»

 ከመጠጥ ከራቀ ያ ዕለት አርባ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ እርሳቸው ግን ይህን ሥራ የሰጡት ከልብ አዝነውለት እንጂ ሊፈትኑት አስበው አልነበረም።

በጥር ወር ፀሐዩ በሰፈሩ ልቅሶ ላይ ሰክሮ ከድንኳኑ ጀርባ ዞረና፣ ለልቅሶ ደራሹ በተሠራው ወጥ ድስት ውስጥ አስታወከ፤ ትውከቱም ደም የተቀላቀለበት ነበር። ሚስቱ አለሚቱ ድስቱን በአሸዋ ስታሽ አመሸች፤ አንድም ቃል አልተናገረችውም። ያየው ሐኪም፣ «ጉበትህ ተበላሽቷል፤ ከእንግዲህ ከጠጣህ ክረምቱን አትወጣውም» አለው። የሰፈሩ ሰው ግን ጉበቱን ረስቶ ድስቱን ያዘ።

ከዚያ ወዲህ በየረቡዑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄድ ነበር። ሲስተር ናዕማ የምትባል፣ ወላጆቿ ከስልጤ መጥተው ሳሪስ ሱቅ የከፈቱ ነርስ፣ ስምንት ጠጪዎችን ክብ ሠርታ ታስቀምጥና፣ «ሲያምራችሁ ምን ታደርጋላችሁ? መዳን የምትፈልጉትስ ለምንድን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። አንዱ ለልጆቼ ይላል፤ ሌላው ለፈጣሪዬ ይላል፤ አንዱ ደግሞ ጠላቴን ለማሳፈር ብሎ ያስቃል። ፀሐዩ ግን ሰው ፊት ሲሆን ምላሱ ይታሰራልና ወለል ወለሉን ያያል። መልሳቸውን በምትመዘግብበት ቅጽ ላይ በስሙ ትይዩ ያለው መስመር ባዶውን ቀረ። ከዚያም መሰብሰብ ተከለከለና ክቡ ፈረሰ።

በበሩ ላይ ሥራው እንዲህ ነበር። መድኃኒቱን በውኃ ላስቲክ ጠርሙስ ይቀዳል፤ ክዳኑ በሚስማር ተበስቷል፤ ሠራተኛው መዳፉን ሲዘረጋ ጨመቅ ያደርግለታል። ሽታው ገና በመጀመሪያው ሰዓት ጉሮሮው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ የአፍ መሸፈኛው ራሱ አረቄ አረቄ ይለው ጀመር።

«ጋሽ ፀሐዩ፣ ጨመር አድርግበት እንጂ! ድሮ ቸር አልነበርክም እንዴ?» ይላል አንዱ።

«ተወው፣ ድስት ካላየ አያፈስም» ይላል ከኋላው ያለው።

«ዝም ብላችሁ እጃችሁን ዘርጉ! ወሬ በሽታ ያስተላልፋል ተብሏል» ትላለች ዳሲቱ፤ እርሷም ብትሆን ሳቋን በመሸፈኛዋ ውስጥ ትደብቃለች።

መድኃኒቱ እየተወደደ ሲሄድ ሻምበል አንድ ዘዴ አመጡ። ከእጅ የሚንጠባጠበው እንዳይባክን ከሥር ሳፋ ተቀመጠ፤ የተጠራቀመውም የበር እጀታ መወልወያ ይሁን ተባለ። ማታ ማታ ሳፋው ውስጥ የሚገኘው እጣቢ አመድ መሳይ ነበር፤ የማሽን ግራሶ፣ የጥጥ ብናኝ፣ ላብና የጥፍር እድፍ ተንሳፍፎበታል።

መጋቢት ፴ ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሰፈሩ አረቄ ቤቶችም በራቸውን ዘጉ።

በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ፮ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተረኞች ሲለዋወጡ ሁንዴ ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ፀሐዩ ተጠጋ። ሁንዴ በሽመና ክፍል ጎን ለጎን አብሮት የሠራ፣ ሃያ ዓመትም አብሮት የጠጣ ሰው ነው።

«አንተ ወንድሜ፣ አንድ ክዳን ብቻ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«አይሆንም፣ ሁንዴ። የሻምበል ነው።»

«የሻምበል ነው! ድስቱስ የማን ነበር?»

ፀሐዩ ፊቱን አዞረ። ሁንዴም ጎንበስ አለና ሳፋውን ወደ ራሱ ሳበ፤ ከአፉ ላይ መሸፈኛውን ፈትቶ በተቆረጠ የውኃ ላስቲክ አፍ ላይ ወጠረው፤ እጣቢውንም እንደ ጠላ አጥልሎ ቀዳ። ዳሲቱ፣ «ኧረ በስመ አብ!» ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። እርሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ግማሹን ጨለጠው። የጥጥ ብናኝ በጢሙ ላይ ተለጠፈ፤ ከከንፈሩ ዳር ጥቁር ቅባት ወረደ።

«ማቃጠሉ ያው ነው! የሰው እጅ ያዳነ ሆዴን ምን ያደርገዋል? እንካ፣ ይህ ያንተ ድርሻ ነው።»

ፀሐዩ ላስቲኩን አየው። የሦስት መቶ ሰው እጅ ነበር በውስጡ ያለው፤ አፍንጫ የጠረገ፣ ገላ ያከከ፣ ማሽን የዳሰሰ እጅ።  በዚያው ቅጽበት ግን አፉ ምራቅ ሞላ፤ ምራቁ ከከንፈሩ አልፎ መሸፈኛውን አራሰው። ዝቅ ብሎ ሲመለከት የገዛ እጁን ወደ ላስቲኩ ተዘርግቶ አገኘው። ለወራት ሲንቀጠቀጥ የኖረው ያ እጅ አሁን እንደ ብረት ቀጥ ብሏል።

ከሁንዴም፣ ከእጣቢውም ይልቅ ያ ምራቅ ቀፈፈው። እንደ ውሻ ምራቅ ታየው፤ ጌታው አጥንት ሲያነሳ እንደሚዝረበረብ። መሸፈኛውን ቀዶ ጣለ፤ ሳፋውንም በእግሩ መታው፤ እጣቢውም በሠራተኛው ጫማ ሥር ፈሰሰ።

ሻምበል ከጥበቃ ቤቱ ሮጠው ወጡ። «ምን ሆነሃል? ሰው በየቤቱ በፍርሃት ሲንቀጠቀጥ አንተ መድኃኒት ትደፋለህ?»

«ሻምበል፣ ከዚህ በር ያንሱኝ። ልጠጣው ነው።»

«መድኃኒቱን?»

«መድኃኒት አይደለም፤ አረቄ ነው። እጣቢውን ልጠጣው ነበር።»

 ከሰልፉ ኋላ አንድ ሰው፣ «ድስቱን አንሱ!» ብሎ ጮኸ፤ ግን ማንም አልሳቀለት። ሻምበል ገና ያን ቀን እንደሚያሸቱት ሁሉ አፍንጫቸውን ወደ ጀሪካኑ አስጠጉና መልሰው አራቁ።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚህ አቁሜህ፣ ምነው አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ።»

«አሁንስ አላፈርክም?»

«አሁን ራሴን ተጸየፍኩ። ከኀፍረት እርሱ ይብሳል።»

በማግስቱ ረቡዕ ፀሐዩ ብቻውን ሄደ፤ ሲስተር ናዕማም በጤና ጣቢያው ግቢ፣ ከእርሱ አራት እርምጃ ያህል ርቆ በተቀመጠ ወንበር ላይ ሆና ቅጹን ዘረጋች።

«ዛሬም ባዶ ላድርገው፣ ጋሽ ፀሐዩ?»

«አይ፣ ዛሬ አለኝ። ምራቄን ስለጠላሁት ብለው ይጻፉ፣ ሲስተር።» ከዚያም የሆነውን ሁሉ፣ እያቋረጠም ቢሆን፣ ነገራት።

እስክሪብቶዋን አንስታ ቅጹን ቃኘች። በቅጹ ላይ አስቀድመው የታተሙት ምክንያቶች ቤተሰብ፣ እምነት፣ ጤና የሚሉ ነበሩ። «እኔ የምፈልገው ሰው ራሱን እንዲወድ ነው» አለችው፤ «መጸየፍ እስከ መቼ ያቆይዎታል?»

«እስከ ነገ።»

«ነገስ?»

«ነገ ደግሞ እንደገና እጸየፈዋለሁ።»

እርሷም «ሌላ» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ምልክት አደረገች፤ ከሥሩም እንዳለው አድርጋ ጻፈች።

ስለዚያ ዘመን የተጻፈው የተያዙትን፣ ያገገሙትንና የሞቱትን ቁጥር ይነግረናል፤ ስንት ሊትር እንደተከፋፈለና ስንት በር እንደተዘጋም ይነግረናል። ከጠላታቸው ጋር በአንድ በር ላይ ቆመው፣ ጠላታቸውን መድኃኒት እያሉ በሰው እጅ ላይ ያፈሰሱትን ግን የቆጠራቸው የለም። ምናልባትም የድላቸው ምክንያት ለወግ የማያምር ሆኖ ነው፤ ታሪክ ሰው ለአገሩና ለልጁ ሲል ያደረገውን መጻፍ ይቀለዋል፤ አንድ ሰው የገዛ አፉን ተጸይፎ መዳኑን ግን በየትኛው መዝገብ ያስገባዋል?

ሐሙስ ዕለት ፀሐዩ ጥጥ ወደሚራገፍበት መጋዘን ተዛወረ። በበሩ ላይ፣ በእርሱ ቦታ ከጀሪካኑ አጠገብ፣ ዳሲቱ ቆመች።