በሆድዎ፣ አባባ!

«ትልቁ ኬ!» አሉ አያቷ፣ አንድ ጣታቸውን ከኪቦርዱ በላይ ቀስረው። «አራት! ዘጠኝ! ትንሿ... የት ገባች ይቺ ደግሞ? አገኘኋት! ትንሿ ኤም!»

ፍንጭት ከወጥ ቤት እየሮጠች መጣች። «አባባ! በሆድዎ ይበሉት እንጂ! ፓስወርድ እኮ ነው!»

«በሆዴ ነው እኮ ያልኩት» አሉ አያቷ ተገርመው።

እውነታቸውን ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአውቶቡስ ጣቢያ በድምፅ ማጉያ መነሻና መድረሻ ሲያስታውቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ ሻንጣ ከሚጎትትና ልጅ ከሚጣራ መንገደኛ ጋር በድምፅ ሲታገል የኖረ ሰው ሹክሹክታ ከየት ያመጣል? ለእሳቸው ሹክሹክታ ማለት የቅርብ ጎረቤት ብቻ የሚሰማው ነው። ስለዚህ የኢሜይላቸውን የይለፍ ቃል ፍንጭት ሳትፈልግ ሸምድዳዋለች። አክስቷ ቀን ቀን ሥራ ስለምትውል ግማሹን ብቻ ነው የያዘችው። ከአጥሩ ማዶ ያለው ብረት በያጅም ሳያውቀው አይቀርም።

«ፍንጭት» ያሏት ራሳቸው አያቷ ናቸው፤ የፊት ጥርሶቿ መሃል ስላለው ክፍተት። አሁን አሥራ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ ስሙ ግን ከትምህርት ቤት መዝገብ በቀር ሁሉም ቦታ ተከትሏታል።

ሴት አያቷ ካረፉ በኋላ ያ ትልቅ ድምፅ ከቤቱ ጠፍቶ ነበር። የተመለሰው አያቷ ሳሎን ጥግ ባለው ኮምፒውተር ከአንድ ሰው ጋር መጻጻፍ ሲጀምሩ ነው። ከማን ጋር እንደሆነ ማንም አያውቅም። መልእክት ሲመጣላቸው ግን መነጽራቸው እስኪወልቅ ከአንጀታቸው ይስቃሉ፤ ቤቱም አብሮ ይስቃል።

ባለፈው ወር ታዲያ ገጹን ሳይዘጉ ወደ ጓሮ ወጡ። አክስቷ አየችና ምሳ ላይ ሁሉም ባለበት፣ «አባዬ፣ ‹የእርስዎ ቀልድ የሳምንት ስንቄ ነው› የሚልዎት ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም ሳቀ። አያቷም ሳቁ። በማግስቱ ግን ኮምፒውተሩን በጨርቅ ሸፍነው ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ለብዙ ቀናት ቤቱ ጭር አለ። ፍንጭት ያን ዝምታ ጠልታዋለች። ጨርቁን ራሳቸው መልሰው ሲያነሱት እፎይ አለች፤ ነገሩ ዳግመኛ ቢደርስባቸው ግን ጨርቁ የሚነሳ አልመሰላትም።

ቅዳሜ ዕለት አያቷ ጫማቸውን ሊያሠሩ ሲወጡ አክስቷ ወንበር ስባ ኮምፒውተሩ ፊት ተሰየመች። አክስቷ ክፉ ሰው አይደለችም። ጸጉር ቤት ነው የምትሠራው፤ እዚያ ደግሞ ወሬ እንደ ማበጠሪያ ከእጅ አይጠፋም።

«ነይማ እዚህ። ትልቁ ኬ፣ አራት፣ ዘጠኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፋኝ። አንቺ ታውቂዋለሽ አይደል?»

«አክስቴ፣ ሼም ነው።»

«የምን ሼም! በቤተሰብ መሃል ምን ምስጢር አለ? ደግሞ አታላይ ቢሆንስ? ለእሳቸው ብዬ እኮ ነው።»

የመጨረሻዋ ነገር ፍንጭትን ያዘቻት። እውነቱን ለመናገር ደግሞ እሷም ለማወቅ ጓጉታ ነበር። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለች። ትልቁን ኬ መታች። አራት። ዘጠኝ። ጣቷ ኤም ላይ ሲደርስ ዓይኗ መስኮቱ ጋ ሄደ። የአያቷ ወንበር ዛሬ ፊቱን ወደ ሳሎኑ አዙሮ ቆሟል። ጣቷ አልወርድ አላት።

«አክስቴ፣ ስልክሽን ስጪኝና መጀመሪያ ያንቺን እናንብብ።»

የአክስቷ እጅ ሳታስበው ወደ ኪሷ በረረ። ሁለቱም ኪሱን አዩ።

«እሱ ሌላ ነው» አለች አክስቷ።

«ምኑ ነው ሌላ?»

አክስቷ በሳቅ ፈረሰች። «አንቺ ልጅ፣ ጥርስሽ ብቻ ሳይሆን ምላስሽም ስለት አውጥቷል!» ብላ ከጸጉር ቤቱ ያመጣችውን የፎጣ ክምር ልታሰጣ ወጣች።

ፍንጭት የጻፈችውን አጠፋች። አያቷ ሲመለሱ ገና ጫማቸውን እንኳ ሳያሳዩ ያዘቻቸው።

«አባባ፣ ፓስወርድዎን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ።»

«አንቺ ብታውቂው ምናለበት? አንቺ እኮ የኔ ነሽ።»

ቃሉ ጣፈጣት። ከቤቱ ሰው ሁሉ እሷ ብቻ የምትታመን መሆን ደስ ይላል፤ እሺ ብላ ዝም ማለትም ይቻላል። ግን ጉንጯ ጋለ።

«እኔም ባላውቀው ይሻላል። ዛሬ ልከፍተው ነበር አባባ። እስከ ዘጠኝ መትቻለሁ።»

አያቷ መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩዋት።

«ኤሟን ሳትነኪ?»

«ሳልነካ።»

«እኔ ኤሟን ለማግኘት ስንት ዘመን ይፈጅብኛል!» አሉና ሳቁ፤ ትከሻዋን ቸብ አደረጉ። «በይ አሳዪኝ፣ ምን ይሻላል?»

አሳየቻቸው። ስም ወይም የልደት ቀን ሳይሆን እሳቸው ብቻ የሚያውቁት ረዘም ያለ አባባል እንዲሆን፣ ሲነሱም ገጹን እንዲዘጉ። የአክስቷም ስጋት ከንቱ አልመሰላትምና፣ «ማንም ይሁን ማን፣ ፓስወርድ ወይም የባንክ ቁጥር ከጠየቀዎት ወዲያው ለእኛ ይጩኹ» አለቻቸው።

«መጮኹን ለኔ ተይው፤ እሱ አይቸግረኝም።»

«አዲሱን ግን በሆድዎ፣ አባባ!»

«በሆዴ!»

ፍንጭት በሩን ዘግታ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አክስቷ ገመዱ ላይ ፎጣ ትሰቅላለች። ከዚያ የአያቷ ድምፅ መስኮቱን አልፎ፣ ጓሮውን ሞልቶ መጣ።

«ትልቁ—»

የአክስቷ እጅ ፎጣውን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። ፍንጭት ብድግ አለች፣ ሁለት ጆሮዎቿን በጣቶቿ ደፈነችና መጀመሪያ አፏ ላይ የመጣላትን ዜማ ለቀቀችው። «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ!»

«አበድሽ እንዴ?» አለች አክስቷ።

«ለ ሉ ሊ ላ!» ፍንጭት ጉሮሮዋ እስኪነቃ ጮኸች። ብረት በያጁ መዶሻውን አቁሞ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ፊደሉ ገና ሳይጋመስ አያቷ በሩን ከፍተው በኩራት ብቅ አሉ፤ ከንፈራቸው «ጨረስኩ!» ሲል አየችና ጣቶቿን አወጣች።

ተመልሰው ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ያ ሳቅ፣ መነጽር የሚያስወልቀው፣ ከሳሎኑ ፈነዳ።

«ምን ተብለው ይሆን?» አለች አክስቷ፣ አንገቷን ወደ መስኮቱ እያሰገገች።

«እኔ እንጃ» አለች ፍንጭት። እሷም ሳቋ መጣ፤ በምን እንደምትስቅ ሳታውቅ እየሳቀች፣ ከክምሩ አንድ እርጥብ ፎጣ አንስታ አክስቷን ታግዛት ጀመር።