ዝቅ ያለው ኮርቻ

ገደል ገብቶ የሞተን ሰው ፊቱን ወደ ቂብላ ያዞረለት ማን ነው?

አሰፋ መልሱን አላወቀም። እስክንድርያ ተምሮ የተመለሰው የጣሊያን አስተርጓሚ ለመሆን አልነበረም፤ ለምን እንደተመለሰ ግን ራሱም አያውቅም። የጣሊያኖቹ የብስክሌት መልእክተኛ ኢብሮ ከሸዋ ሮቢት በታች ባለው ሸለቆ በቀኝ ጎኑ ተጋድሟል። ማጅራቱ ተፈንክቷል፤ ዓይኖቹ ተከድነዋል። ብስክሌቱ አጠገቡ ወድቋል።

የጣሊያኖቹ ሻምበል ግን ፈርዶ ጨርሷል። «ጠጋኙ ንጉሤ ትናንት ሆን ብሎ ብስክሌቱን አበላሸው» ብሎ ንጉሤን ወደ ካራቆሬ ወስዶታል። ጀምበር ስትጠልቅ ይሰቀላል።

ሬሳውና ብስክሌቱ ወደ ኢብሮ ቤት ሲገቡ የንጉሤ ሚስት ፈለቀች የአሰፋን ኮት ጨምድዳ ያዘች።

«ጋሼ አሰፋ፣ ባሌ ኮርቻውን ከፍ ነው ያደረገለት! ጉልበቱን አመመኝ ቢለው!»

አሰፋ ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ከዲጃ ዞረ። «እውነት ነው?»

«ወላሂ እውነት ነው። ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ጉልበቱን ይወጋው ነበር። ንጉሤ ሳቀበት፤ ‹አንተ ግመል፣ የአህያ ኮርቻ ላይ ተቀምጠህ እንዴት አያምህ!› አለው። እግሩ እንዲዘረጋ ከፍ ቢያደርግለት ‹አልሐምዱሊላህ፣ ተነፈስኩ› እያለ ገባ።»

አሰፋ በቁመት ከኢብሮ አያንስም። ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ጉልበቱ ወደ ደረቱ ቀረበ። የኮርቻውን ብሎን ነካ፤ ጠብቋል።

የከዲጃ ወንድም አሊዪ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። አጭር ሰው ነው።

አሰፋ ሦስቱንም አስቀመጣቸው።

«ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ በአወዳደቁ ግን አልሸሸም፤ ብሎኑ ተጠብቋል። ኢብሮ ጉልበቱ ከተሻለው በኋላ መልሶ ዝቅ አያደርገውም። ንጉሤም ረጅም ነው፤ ለራሱ ቢነዳው ዝቅ አያደርገውም። ስለዚህ ብስክሌቱን እስከ ሸለቆው የነዳው አጭር ሰው ነው። ያ ሰው ሬሳውን በቀኝ ጎኑ አስተኝቶ ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አዙሮታል፤ ሙስሊም ሲቀበር እንደሚደረገው። ጠላት እንዲህ አያደርግም፤ ዘመድ ነው። አሊዪ፣ ብስክሌት ያስተማረህ ኢብሮ አይደለም?»

ከዲጃ ወንድሟን አየችው። «በል እንጂ! አፍ የለህም?»

«ነጮቹን ወደ አርበኞቹ ዋሻ ሊመራ ነበር» አለ አሊዪ። «ለመንኩት። እንቢ አለኝ። ማሽላው ውስጥ በድንጋይ መታሁት። የወደቀ እንዲመስል ሬሳውን በግመል ወሰድኩ፤ ብስክሌቱን ስጭንባት ግን ግመሏ በረገገች፤ ተመልሼ ኮርቻውን ዝቅ አድርጌ ነዳሁት። ግን እንደ ውሻ ልጥለው አልቻልኩም። የእህቴ ባል ነው።»

«ባሌን አስገደልከው!» አለች ፈለቀች።

አሰፋ ብዕሩን አውጥቶ ቆመ። የትኛውን ሰው ለጣሊያኖቹ እንደሚሰጥ ትምህርቱ አልነገረውም።

«ስሜን ጻፍ» አለው አሊዪ። «ንጉሤ በእኔ አይሙት።»

ወደ ካራቆሬ ያስላከው ቴሌግራም አጭር ነበር፦ «ንጉሤ ንጹሕ ነው። ገዳዩ ተናዟል። ስቅላቱ ይቁም።» የአሊዪን ስም አልጻፈም።

ጀምበሯ ከጣርማ በር ተራሮች ጀርባ ስትወርድ መልስ ባይመጣ ደግሞ አስላከ፤ አሁን ስሙን ጨመረበት። ፈለቀች ከማሽኑ ዓይኗን አልነቀለችም።

ከካራቆሬ መልስ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም።